ያልመጣ

ማክሰኞ ነው፤ ከሰሜን በኩል ነፋስ በአቬሮ ይነፍሳል፣
ከሐይቁ ዳር የጨው ክምር የተተከለ ድንኳን ይመስላል።
ከጤና ጣቢያው ኮሪደር፣ ከረጅሙ አግዳሚ፣
ይጠብቃል ተደርድሮ ታካሚ ከጎን ታካሚ፤
አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አንዷ ትንፋሿን ቆጥባ፣
ትናንት ማታ የበላችውን ከሐኪም ልትሸሽግ አስባ።

እኔ ነኝ ጨርቁን የማስር፣ እኔ ነኝ አየር የምነፋ፣
ክንድ ጨምቄ የማዳምጥ ድምፁ እስኪመጣ፣ እስኪጠፋ።
ሲመጣ የላይኛው ነው፣ ሲጠፋ የታችኛው፣
በመሀል ያለችው ጠባብ መንገድ፣ ዕድሜ የምንላት እሷው።

እዚህ አገር ስሙ «ውጥረት»፣ በእኛ ቤት ደግሞ «ደም ብዛት»፣
እንደ እህል፣ እንደ ከብት፣ ሰው የሚመኘው ዓይነት ሀብት፤
ያልታመመበት ቢሰማ፣ «ይስጠኝ» ብሎ የሚሳልለት።

አደሊኖ የጨው ሰው ነው። አባቱም። የአባቱም አባት።
አርባ ስድስት በጋ ጨው ጠርጎ፣ መዳፉ የተሰነጠቀ መሬት።
የመጣው ጥርሱን አሞት ነው። «ክንድህን» አልኩት። ሰጠኝ።
ሁለት መቶ አስራ ሁለት።
ደገምኩት። ያው ነው። በመቶ ሃያ ስድስት።
«ምን ይሰማሃል?» «ጥርሴን» አለ። «ሌላስ?» «ሌላማ ምንም።
እኔ ጤነኛ ሰው ነኝ፣ ኪኒን እኔን አያውቀኝም።»

ዶክተር ቴልሞ ሦስት ዓይነት ጻፈለት፤ ጨውን ከለከለው።
አደሊኖ ሳቀ፤ «እኔን ጨው? ዓሣውንም ባሕር ከልክለው!»
ነገርኩት የአገሬን ተረት፤ «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣
ያለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ...»፤ ሳልጨርሰው ዓይኑ ፍጥጥ።
«ጨው እኔ ነኝ ወይስ ልቤ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበረኝም።
ለአምስት ዓመት ግን መጣ። ዝናብ እንኳ አላስቀረውም።
መቶ ዘጠና፣ መቶ ሰባ አራት፣ አንድ ጊዜ መቶ አርባ ሁለት፤
ያን ቀን እኔና ግራሲንዳ ከመዝገብ ክፍል አጨበጨብንለት።

ከዚያ ዙልሚራ ሞተች፣ ኪኒን ቆጥራ የምትሰጠው፤
ማክሰኞ ባዶውን ዋለ፣ ወንበሩን ሌላ ሰው ተቀመጠው።
ደወልኩ። ደብዳቤ ላክሁ። ደግሜ ደወልኩ።
በመስከረም ነው ጎረቤቱ ያገኘው፣ ከጨው ማሳው ዳር ወድቆ፣
ግማሽ ፊቱ እንደተኛ፣ የእንጨት መጥረጊያውን አጥብቆ።

ትናንት ስብሰባ ነበር፤ ዶክተር ቴልሞ ግድግዳው ላይ
የአስራ ሁለት ዓመት መስመር አበራ፣ ሰማያዊ፣ ሲወርድ የሚታይ።
«ከመቶ ሃያ ሦስቱ ነበር ግፊቱ ከልኩ የገባ፣
ዛሬ አርባ አራት ደርሰናል፤ ምስጋና ለእናንተ ይግባ!»
ተጨበጨበ፤ ኬክ መጣ። እኔ መስመሩን በዓይኔ ይዤ
ሰባተኛው ዓመት ላይ ቆምኩ፣ ከቁልቁለቱ ላይ ፈዝዤ፤
እዚያ ጋ ነው አደሊኖ የወጣው ከቁጥራችን፣
ያልተለካ ግፊቱን ይዞ፣ አማካዩን አቅልሎልን።

የሞተ ሰው አይለካም። የቀረም። አይጨምር፣ አይቀንስ።
መስመሩ እንደ ተራገፈ ጋሪ ይቀላል፣ ከባድ ከባዱ ሲፈስ።
ስንቱ ነው በኪኒን የወረደ? ስንቱስ በመቃብር?
ግራሲንዳ መነጽሯን ጠረገች፤ «ለየብቻው አልተጻፈም ነበር።»

ሐኪሙ አልዋሸም። ኦዴቴ አለች፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ
ድልድዩን በብስክሌት የምትወጣ፣ ሳይዞርባት ናላዋ።
የኦዴቴም መስመር ነው ያ። ይህንንም ልናገር።
ኬኩንም በልቻለሁ፤ ጨው አልነበረውም፣ ብቻ ስኳር።

ዛሬ ደብተር ገዛሁ፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው፤
ከዳሩ አንድ አምድ አሰመርኩ፣ «ያልመጣ» ነው የሚለው።
ዘጠኝ ስም አለው እስካሁን። ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲበርድ፣
መለኪያዬን አንግቼ ወጣሁ በቦዩ ዳር መንገድ።
የመጀመሪያው ቤት ዝግ ነው። ሁለተኛው ደጃፍ አንዲት ሴት ወጣች፣
እጇ የዓሣ ቅርፊት ለብሶ። «የረሳችሁኝ መስሎኝ» አለች።
ወንበር ሳበች። ክንዷን አደረቀች፤ ቀጭን፣ ፀሐይ የመጣ።
ጨርቁን አሰርኩ። ነፋሁ። ለቀቅኩ። ዝም አልን ሁለታችን።
መጣ።